የማይጠና የተባለው ፈተና

እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ኃላፊ የነበሩት ፍራንክ ቦውልስ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ ደብዳቤ ላኩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾቹን የሚለይበት ፈተና ይፈልግ ነበር። ፈተናው ስለ ሕግ እንዲጠይቅ ግን አልተፈለገም፤ አመልካቹ ሕግ የሚባል ነገር ገና አልተማረምና። የተፈለገው አንድ ወጣት ወይም አንዲት ወጣት የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ምን ያህል እንደሚወጡት አስቀድሞ የሚናገር መለኪያ ነበር።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1944 ባወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለስ ወታደር የትምህርት ወጪውን መንግሥት ሊሸፍንለት ተስማምቶ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮች የዩኒቨርሲቲዎችን በር አጨናነቁ። ወንበሩ ያው ነው፤ ፈላጊው በዛ። ኖቬምበር 10 ቀን 1947 ኮሎምቢያን፣ ሃርቫርድንና ዬልን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች ተወካዮች ከቦርዱ ሰዎች ጋር ስለ አዲሱ ፈተና መከሩ። ብዙም አልቆየ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እርሳሳቸውን አነሡ። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ዛሬ ተማሪው ሁሉ በምህጻሩ ኤልሳት የሚለው፣ የተወለደው በዚያ ቅዳሜ ነው።

ከዚያ በፊት ወደ ሕግ ሙያ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው አሜሪካዊ ጠበቃ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። አንድ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ሰነድ እየገለበጠ፣ ማታ ማታ መጽሐፍ እያነበበ ይማር ነበር። አብርሃም ሊንከን ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ እንኳን አልነበራቸውም። ከኒው ሴለም መንደር ስፕሪንግፊልድ ድረስ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዙ፣ ከጠበቃው ጆን ስቱዋርት መጻሕፍት ይዋሱ ነበር። የእንግሊዙን የሕግ ሊቅ የዊልያም ብላክስቶንን ጥራዞች ለብቻቸው ቁጭ ብለው ዘለቁና በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። ኋላ በ1855 ምክር ለጠየቃቸው ወጣት በጻፉት ደብዳቤም ከማን ጋር መማሩ ብዙ ለውጥ እንደሌለው፣ ዋናው መጽሐፉን አግኝቶ ማንበብ እንደሆነ መክረዋል። ሊንከን ግን ያነበቡት ሕጉን ራሱን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ተማሪ ለብቻው የሚያጠናው ወደ ሕጉ የሚያስገባውን በር ብቻ ሆነ።

በ1870 ክሪስቶፈር ላንግዴል የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሲሆኑ ትምህርቱን ከመጽሐፍ ሽምደዳ አውጥተው በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ መምህርና ተማሪ ወደሚሟገቱበት ዘዴ ቀየሩት። (ይህ የአሜሪካኖች ዘዴ አዲስ አበባም ደርሷል፤ በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ።) ዘዴው ይከብዳል። ሃርቫርድ ደግሞ የኮሌጅ ዲግሪ ያለውን ሁሉ አለቅጥ ያስገባ ስለነበር ማጥለያው የመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ ከገቡት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዚያ ይቀሩ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከፍሎና ደክሞ መባረር ለተማሪውም ለትምህርት ቤቱም ኪሳራ ነው። በ1920ዎቹ መርተን ፈርሰንና ጆርጅ ስቶዳርድ የሕግ ዝንባሌ የሚለካ ፈተና ሠርተው ሞክረዋል፤ ዬልም የራሱ ነበረው። የ1948ቱ ፈተና ያመጣው አዲስ ነገር ሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ መለኪያ እንዲተያዩ ማድረጉ ነው። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይሰጥ ነበር።

ፈተናውን የሚያሰናዳው በዚያው ሰሞን በሄንሪ ቾንሲ ፕሬዚዳንትነት ሥራ የጀመረው ኢቲኤስ የሚባለው ድርጅት ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ስለ ሥራቸው ጽኑ እምነት ነበራቸው። የሚለኩት ዝንባሌንና የማሰብ ችሎታን ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ አንድ ሰው በጥቂት ሳምንታት ጥናት ይህን ሊለውጠው አይችልም ይሉ ነበር። ስለዚህ መማሪያ መጽሐፍ የለም፣ ሥርዓተ ትምህርትም የለም። አመልካቹ እጅ የሚገባው ጥቂት ናሙና ጥያቄዎች የያዘ አነስተኛ መግለጫ ነው። እውነተኛው የጥያቄ ወረቀት ከፈተና በኋላ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ጥያቄዎቹ ውድ ንብረት ነበሩ፤ አንዱን ሠርቶ፣ ሞክሮ፣ አጣርቶ ለፈተና ማብቃት ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ተቆልፎ የተቀመጠ ጥያቄ ደግሞ ተመልሶ ያገለግላል። አይጠናም የሚለው እምነትና ቁልፉ እርስ በርስ ይደጋገፉ ነበር። የማይጠና ከሆነ ማሳየቱ ምን ያደርጋል? ካልታየስ በምን ይጠናል?

ይህን እምነት መጀመሪያ የነቀነቀው አንድ የብሩክሊን አስጠኚ ነው። በ1919 የተወለደው ስታንሊ ካፕላን ሐኪም ለመሆን አመልክቶ አምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉበት። ምክንያቱ አይሁዳዊ መሆኑና በሕዝብ ኮሌጅ መማሩ እንደነበር ዕድሜውን ሙሉ ያምን ነበር። በ1938 በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ማስጠናት ጀመረ፤ በ1946 አንዲት ተማሪ የኮሌጅ መግቢያውን ፈተና ይዛ መጣች። ካፕላን ጥያቄዎቹን ሲያያቸው እንደማንኛውም ትምህርት የሚሠለጠንባቸው ሆነው አገኛቸው። እውነተኛውን ወረቀት ማግኘት ስለማይቻል ዘዴ ፈጠረ። ፈተናው ባለቀ ቁጥር ለተማሪዎቹ የፒዛ ግብዣ ያዘጋጃል፤ እነሱ እየበሉ ያስታወሱትን ጥያቄ ሲያወሩ እሱ ይመዘግባል። በኋላ ሥራው ወደ ሕግ ትምህርት ቤቱ ፈተናም ተስፋፋ። ለአስጠኚ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ባሮንስና አርኮ የመሳሰሉ አሳታሚዎች የመለማመጃ መጽሐፍ ያወጡ ነበር። በመጽሐፎቹ ያሉት ጥያቄዎች ግን እውነተኛውን የመሰሉ እንጂ እውነተኛው አልነበሩም። አስመስለው የጻፏቸው ሰዎችም ዋናውን ወረቀት አላዩትም።

በ1979 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ፣ ለአንዳንድ ተማሪዎች የካፕላን ዓይነቱ ሥልጠና በኮሌጁ ፈተና በእያንዳንዱ ክፍል ወደ 25 ነጥብ እንደሚጨምር ገለጸ። ለኢቲኤስ ይህ መጥፎ ዜና ነበር፤ ለካፕላን ግን ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አይገኝም። ካፕላን በ1984 የማስጠኛ ድርጅቱን ለዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ በ45 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው።

ለብቻው ለሚያጠናው ሰው የሁሉም መሠረት የሆነው ነገር የተጣለው ግን በኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ነው። ሴናተር ኬኔት ላቫሌ ያቀረቡት ረቂቅ ግዛቲቱን አናወጣት። ረቂቁ የመግቢያ ፈተና አዘጋጆች ከፈተና በኋላ ጥያቄውንና ትክክለኛውን መልስ ለተፈታኙ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። አዘጋጆቹ ወጪው ይጨምራል፣ የጥያቄ ክምችታችን ያልቃል ብለው ተከራከሩ። በሌላው ወገን የተማሪዎች ማኅበራትና የሸማቾች ተሟጋቾች ሰውን ሕይወቱን የሚወስን ነገር ከጠየቅኸው የጠየቅኸውን አሳየው አሉ። ገዥው ሂዩ ኬሪ በ1979 ፈረሙ፤ ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፍርድ ቤት ሄዶ ለራሱ ፈተና እግድ ሲያስወጣ፣ የሕግ ትምህርት ቤቶቹ ፈተና ግን ለሕጉ ተገዛ።

የመገለጡ ጥቅም ወዲያው ታየ። በኮሌጁ የልምምድ ፈተና ላይ ስለ ሁለት ፒራሚዶች አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲጣበቅ ስንት ገጽ ይታያል ይላል። የፈተናው ሊቃውንት መልሱ 7 ነው ብለው ነበር። በፍሎሪዳ የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የመልሱን ቁልፍ ሲያይ 5 መሆን እንዳለበት ተከራከረ፤ ልክም ነበር። ድርጅቱ በ1981 ስህተቱን አምኖ የብዙ ተፈታኞችን ውጤት አረመ። ወረቀቱ ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮ 7 እስከ ዛሬ 7 ሆኖ ይኖር ነበር።

ኤልሳትን የሚያስተዳድረው የሕግ ትምህርት ቤቶች ቅበላ ካውንስል፣ ኤልሳክ፣ በዚህ ጊዜ ከኢቲኤስ ተላቆ በፔንሲልቬንያዋ ኒውታውን ራሱን ችሎ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈተናው ተቀይሮ ውጤቱ ከ10 እስከ 50 ሆነ፤ በጁን 1991 ደግሞ እንደገና ተቀይሮ ዛሬ የሚታወቀውን ከ120 እስከ 180 ያለውን መለኪያ ያዘ። ካውንስሉ ከዚያ ፈተና ጀምሮ ያለፉትን ወረቀቶች ቁጥር እየሰጠ መሸጥ ጀመረ። የጁን 1991ዱ ቁጥር 1 ተባለ። አንድ ወረቀት በጥቂት ዶላር በፖስታ ይመጣ ነበር፤ በኋላም አሥር አሥሩ በአንድ ጥራዝ ታትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ ተደረደረ። የድሮ ማትሪክ ጥያቄ በፎቶ ኮፒ አግኝቶ ያጠና ኢትዮጵያዊ የዚህን ትርጉም አያጣውም። ልዩነቱ የአሜሪካው ወረቀት ከነመልሱና ከነነጥብ ማስያው፣ ከባለቤቱ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ አዲስ ዓይነት ተማሪ ብቅ አለ፤ አስጠኚ የሌለው፣ ክፍል የማይገባ፣ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት አስቀምጦ የሚፈተን። የአስጠኚ ድርጅቶቹ ኮርስ ከ1000 ዶላር በላይ ሲያስከፍል እሱ በአንድ ጥራዝ ሂሳብ አሥር እውነተኛ ፈተናዎች በእጁ አሉ። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው። በአመክንዮ ክፍል ወደ 25 የሚጠጉ አጫጭር ሙግቶች አሉ፤ ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያነሰ ጊዜ ይደርሳል። ለምሳሌ ያህል፣ ጎበዝ ጠበቆች ሁሉ ብዙ ያነባሉ፤ እከሌም ብዙ ያነባል፤ ስለዚህ እከሌ ጎበዝ ጠበቃ ነው የሚል ሰው የት ላይ ተሳሳተ? ጥያቄው በዚህ መልክ፣ ግን እጅግ ረቀቅ ብሎ ይመጣል። ተማሪው አሥር ወረቀት ሲሠራ ስህተቶቹ ልብሳቸውን እየቀየሩ የሚመላለሱ ጥቂት ዓይነቶች መሆናቸውን ይደርስበታል። አንድ መምህር ሊነግረው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ወረቀቶቹ ራሳቸው ነገሩት።

ልምምዱ የራሱ ወግ ወጣለት። መጀመሪያ ሰዓት ሳይያዝ በዝግታ፣ ቀጥሎ በክፍል በክፍል፣ በመጨረሻ ሙሉውን በአንድ ተቀምጦ መሥራት። በጣም የተወደደው ዘዴ ደግሞ ይህ ነው፤ ተማሪው በሰዓት ሲፈተን የተጠራጠረባቸውን ጥያቄዎች ምልክት ያደርጋል። ሲጨርስ የመልሱን ቁልፍ አያይም፤ ምልክት ያደረገባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ይሠራቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱንም መልሶቹን ከቁልፉ ጋር የሚያስተያየው። በሰዓት ስቶ ያለ ሰዓት ያገኘው የፍጥነት ጉድለት ነው፤ ሁለቴም የሳተው የመረዳት ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ብዙዎች የሳቱትን ጥያቄና የሳቱበትን ምክንያት የሚጽፉበት ደብተር ይይዛሉ። ደብተሩ ሲሞላ መልኩ የሰውየው የአስተሳሰብ ጠባይ ይሆናል፤ አንዱ ሁልጊዜ ቸኩሎ ይስታል፣ ሌላው የተጻፈውን ትቶ የሚያውቀውን ይመልሳል።

ለዕለቱም መለማመድ ነበረባቸው። የወረቀቱ ፈተና ደንብ በጥብቅነቱ የታወቀ ነበር፤ እርሳሱ የእንጨት መሆን አለበት፣ ሰዓቱ ባለ እጅ እንጂ ቁጥር የሚያበራ አይፈቀድም፣ ዕቃው ሁሉ ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ከረጢት ይገባል። ስለዚህ ለብቻው የሚያጠናው ሰው ቤቱ ውስጥም በእንጨት እርሳስ ያቀልማል፤ ሁከት ያለበት ካፌ ሄዶ የሚፈተንም ነበር፣ የፈተናው አዳራሽ ጸጥ ማለቱ አይታመንምና። በ2001 በወጣው ሊጋሊ ብሎንድ በተባለው አስቂኝ ፊልም ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዝቅተኛ የልምምድ ውጤት አምጥታ ትጀምርና ጓደኛዋ ሰዓት እየያዘችላት ደጋግማ ተለማምዳ 179 ታመጣለች። ፊልሙ ፊልም ነው። ግን በ1948 የማይጠና የተባለው ፈተና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመልካቹ ሁሉ በጥናት የሚገኝ ነገር አድርጎ እንደወሰደው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከክፍሎቹ ሁሉ ለብቻ ጥናት የተፈጠረ የሚመስለው የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ነበር። ይዘቱ እንዲህ ዓይነት ነው፤ አምስት ጠበቆች አልማዝ፣ በቀለ፣ ጫልቱ፣ ደረጀና እሌኒ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንዳቸው ችሎት ይቀርባሉ። አልማዝ ከበቀለ ቀድማ ትቀርባለች። ጫልቱ በበቀለ ማግስት ትቀርባለች። ደረጀ ሰኞ አይቀርብም። እሌኒ ረቡዕ ከሆነች ሰኞ የሚቀርበው ማን ነው? በቀለና ጫልቱ ተከታትለው መቀመጥ ስላለባቸው ያላቸው ቦታ ሰኞና ማክሰኞ ወይም ሐሙስና ዓርብ ነው። አልማዝ ከበቀለ መቅደም ስላለባት የፊተኛው ወደቀ። ደረጀ ሰኞን ስለማይነካ ሰኞ የአልማዝ ነው። ይህ ቀላሉ ነው፤ እውነተኛው አራት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን፣ እያንዳንዳቸው አምስት ስድስት ጥያቄ አስከትለው፣ በ35 ደቂቃ ውስጥ ያስጨርሳል። መጀመሪያ ሲያዩት እብደት ይመስላል። ሠንጠረዥ መሣልና ደንቦቹን በምልክት መጻፍ የለመደ ሰው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ መሳት ወደ አንድም አለመሳት የሚሸጋገርበት ክፍል ይኸው ነበር። ስለዚህም የጥናት መጽሐፍ ገበያው እዚህ ደራ። ፓወርስኮር የተባለው ድርጅት በዴቪድ ኪሎራን አዘጋጅነት ያወጣው የጨዋታዎቹ መጽሐፍ ባይብል የሚል ስም ነበረው፤ ብዙዎቹም እንደ ስሙ ያዙት።

በ2006 ነገሩ ይበልጥ ተባባሰ፤ ወይም ተሻሻለ፣ እንደ ሰውየው ኪስ ነው። እስከዚያ ሦስቴ የተፈተነ አመልካች ውጤቱ በአማካይ ይታይ ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ትምህርት ቤቶቹ ስለ ተማሪዎቻቸው የሚልኩትን መረጃ ደንብ ለውጦ ከፍተኛው ውጤት እንዲመዘገብ አደረገ። የደረጃ ሰንጠረዥ ለሚያስጨንቃቸው ዲኖች ደጋግሞ የተፈተነ ተማሪ እንቅፋት መሆኑ ቀረ። አንድ ፈተና የነበረው ነገር ዘመቻ ሆነ፤ ሥራ ቀንሶ፣ ዓመት ጠብቆ፣ እንደገና መቀመጥ ተለመደ። ካውንስሉ በ2019 ገደብ ማበጀት ግድ ሆነበት፤ በዕድሜ ዘመን ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን ከለከለ። ሰባት ጊዜ የሚፈተን ሰው ባይኖር ገደቡ ባላስፈለገ።

የሎጂክ ጨዋታውን ያስወጣው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው አቅጣጫ ነው። የሚሺጋኑ አንጀሎ ቢኖ ዓይነ ስውር ነው። ተፈታኙ ሁሉ ሠንጠረዥ እየሣለ የሚፈታውን ክፍል እሱ ሊሥለው አይችልም፤ ከዚህ ክፍል ነጻ እንዲያደርጉት ጠይቆ ተከልክሏል። በ2011 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርን ከሰሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞሮ አልተሳካለትም፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2016 ውድቅ አደረገበት። ከራሱ ከካውንስሉ ጋር የነበረው ክርክር ግን በ2019 በስምምነት አለቀ፤ ካውንስሉ በአራት ዓመት ውስጥ ሌላ የመለኪያ መንገድ ሊፈልግ ቃል ገባ። በጁን 2024 ጨዋታዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ቀረቡ፤ በኦገስት በቦታቸው ሌላ የአመክንዮ ክፍል ገባ። ዓይኑ የማያይ ሰው ያነሣው ጥያቄ ልክ ነበር፤ የሚለካው የማሰብ ችሎታ ከሆነ መሣል ምን አገባው? ቢሆንም ፍትሕ በአንድ በኩል ሲቃና በሌላ በኩል አንድ ነገር ጎደለ። ደካማ ትምህርት ቤት ተምሮ ለመጣ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ፣ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ያሉት የእኛዎቹም ጭምር፣ በልምምድ ብቻ ነጥብ የሚለቀምበት ክፍል ያ ነበር። የቀሩት ክፍሎች የዓመታት ንባብ ይጠይቃሉ።

ጨዋታዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ወረቀቱ ራሱ ወጥቶ ነበር። በጁላይ 2019 ግማሹ ተፈታኝ በወረቀት ግማሹ በታብሌት ተፈተነ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ታብሌት ገባ። በሜይ 2020 ደግሞ ወረርሽኙ አዳራሾቹን ሲዘጋ ፈተናው አጥሮ በየቤቱ፣ በካሜራ ክትትል መሰጠት ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ሲለማመድ የኖረው ተማሪ አሁን የሚፈተነውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆነ። የልምምዱም ዋጋ ለጥቂት ዓመታት ወደቀ። ካውንስሉ በ2018 በኢንተርኔት ነጻ ትምህርት ከሚሰጠው ከካን አካዳሚ ጋር ተስማምቶ ልምምዱን በነጻ አቀረበ፤ እስከ 2024 ዘለቀና አገልግሎቱ ወደ ካውንስሉ የራሱ መድረክ ተመለሰ። እዚያ ጥቂቱ በነጻ፣ ሙሉ ክምችቱ ደግሞ በዓመታዊ ክፍያ ይገኛል።

ክምችቱ ግን እንደ ቀድሞው አያድግም። በወረቀቱ ዘመን ካውንስሉ በዓመት ከሚሰጣቸው አራት ፈተናዎች ሦስቱን ይለቅ ነበር። ፈተናው ወደ ማሽን ከገባ ወዲህ የሚለቀቀው እጅግ ጥቂት ነው። ጨዋታዎቹ ሲወጡም የድሮዎቹ ወረቀቶች ያለ እነሱ እንደገና ተቀናብረው ከ101 እስከ 158 ቁጥር ተሰጣቸው፤ በድምሩ 58 ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ስድስት ወር በሳምንት ሁለት የሚሠራ ተማሪ ግን 52 ይጨርሳል፤ ዳግመኛ ለሚፈተነው ያላየው ወረቀት ስድስት ብቻ ይተርፈዋል። ስለዚህ አዲስ ወረቀት መቆጠብ የጥናቱ አንድ ክፍል ሆኗል፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በክፍል በክፍል ተፈጭተው ለልምምድ ይውላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሳይነኩ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይቀመጣሉ።

በማርች 2023 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ኦፕን ኤአይ ጂፒቲ-4 የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ በዚሁ ፈተና 163 እንዳመጣ ገለጸ፤ ከተፈታኞች ወደ 88 በመቶ የሚሆኑትን ይበልጣል። ከእሱ በፊት የነበረው 149 ነበር። ዝንባሌ ይለካል የተባለ ፈተና ብዙ ጽሑፍ በተመገበ ማሽን ሲረታ የያኔዎቹ የኢቲኤስ ሰዎች በሕይወት ቢኖሩ ምን እንደሚሉ መገመት ያስቃል።

ሌባም አልጠፋም። በቤት የሚሰጠው ፈተና ጥያቄዎቹን በስውር ካሜራና በሌላ መሣሪያ እየቀዱ ለሚሸጡ ሰዎች ምቹ ሆነ። ካፕላን ፒዛ አብልቶ በጆሮው የሰበሰበውን እነሱ በአንድ ቁልፍ ያግበሰብሱታል፤ እሱ ግን ወረቀቱን አልሰረቀም፣ ተማሪዎቹን አስጠና። በ2025 ካውንስሉ በዋናው የቻይና ምድር የሚሰጠውን የኢንተርኔት ፈተና እንደሚያቋርጥ ገለጸ፤ በዚያው ዓመት ከኦገስት 2026 ጀምሮ ከጥቂቶች በቀር ተፈታኙ ሁሉ ወደ ፈተና ጣቢያ በአካል እንዲመጣ ወሰነ። ይህም ከስድስት ዓመት በኋላ አብዛኛውን ተፈታኝ ወደ አዳራሹ የሚመልስ ውሳኔ ነው።